«ገሪብ» በዘይለዒይ ብዕር፦ የዒልም ቃላት ታሪክና የአማርኛ ጽሑፋችን

ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብን ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒይ (ረሒመሁላህ) በ762 ሒጅራ ካይሮ ውስጥ ሲያርፍ «ነስቡር-ራያ» የተሰኘውን ኪታብ ትቶልን አለፈ። ኪታቡ፣ በ593 ሒጅራ ያረፈው አል-መርጊናኒ «አል-ሂዳያ» በተባለው የሐነፊይ ፊቅህ መጽሐፉ በማስረጃነት የጠቀሳቸውን ሐዲሶች አንድ በአንድ ከየምንጫቸው አውጥቶ፣ ሰነዳቸውን መርምሮ የሚያቀርብ ታላቅ የተኽሪጅ ሥራ ነው። ይህን ኪታብ ከፍቶ ጥቂት ገጾች የሄደ አንባቢ አንድ ቃል ደጋግሞ ይገጥመዋል። ደራሲው የሂዳያውን ሐዲስ ይጠቅስና «ገሪብ» ብሎ ያልፋል፤ አንዳንዴም «ገሪብ ጂደን» ይላል።

በሙስጠለሕ ትምህርት «ኑኽበቱል-ፊከር»ን የቀራ ደረሳ ገሪብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በሰነዱ አንድ እርከን ላይ አንድ ራዊ ብቻ የተገኘበት ሐዲስ ገሪብ ይባላል። በዚህ ፍቺ ገሪብ የሆነ ሐዲስ ሶሒሕ ሊሆን ይችላል፤ የሶሒሕ አል-ቡኻሪ መክፈቻ የሆነው የኒያ ሐዲስ ራሱ ገሪብ ነው፤ ከዑመር (ረ.ዐ.) ዐልቀማ ብቻውን፣ ከዐልቀማ ሙሐመድ ኢብን ኢብራሂም አት-ተይሚ ብቻውን፣ ከእርሱም የሕያ ኢብን ሰዒድ አል-አንሷሪ ብቻውን አስተላልፈውታል። አዝ-ዘይለዒይ ግን በነስቡር-ራያ «ገሪብ» ሲል ይህን ማለቱ አይደለም። «ይህን ሐዲስ ፈልጌ በሐዲስ ኪታቦች አላገኘሁትም» ማለቱ ነው። ለዚህ ግምት አያስፈልገንም። በ852 ሒጅራ ያረፈው ኢብን ሐጀር ይህንኑ ኪታብ «አድ-ዲራያ» በሚል ስም አሳጥሮ ሲያቀርብ፣ አዝ-ዘይለዒይ ገሪብ ባለባቸው ቦታዎች «አላገኘሁትም» የሚለውን ግልጽ ቃል ያስገባል። ሁለቱን ኪታቦች ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያነብ ሰው የቃሉን ፍቺ ከዚያው ያገኘዋል።

በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። በአንደኛው ሰነድ አለ፣ ራዊው አንድ መሆኑ ብቻ ተነግሯል። በሁለተኛው ሰነድ የሚባል ነገር ጨርሶ አልተገኘም። ሚንበር ላይ የወጣ ኻጢብ «ኢማም ዘይለዒይ ገሪብ ብለውታል፤ ገሪብ ደግሞ ሶሒሕ ሊሆን ይችላል» ብሎ በሐዲሱ ቢገሥጽ፣ ምንጭ ያልተገኘለትን ቃል ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠግቶ መናገሩ ነው። ቃሉን በአማርኛ «እንግዳ ሐዲስ» ብሎ የሚተረጉም ጸሐፊ ደግሞ አንባቢውን ከሁለቱም ፍቺ ያርቀዋል፤ አንባቢው ሐዲሱ ይዘቱ ግራ የሚያጋባ ነው ብሎ ይረዳልና።

ቃሉን በትክክል የተረዱት ዑለማዎች ምን እንዳደረጉ ማየት ደግሞ ይጠቅማል። በ879 ሒጅራ ያረፈው ቃሲም ኢብን ቁጥሉቡጋ አዝ-ዘይለዒይ ያላገኛቸውን ሐዲሶች ፍለጋ ወጥቶ «ሙንየቱል-አልመዒይ» የተባለውን ማሟያ ጻፈ። «ገሪብ» ለእርሱ የተከፈተ በር ነበር፤ ሥራው እስከዚህ ደርሷል፣ ከዚህ ቀጥል የሚል ምልክት። ቃሉን በተለመደው የሙስጠለሕ ፍቺ አንብቦት ቢሆን ኖሮ የሚፈለግ ነገር መኖሩንም አያውቅም ነበር።

ከዚህ ላይ ስለ ሰውየው መጠሪያ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ዘይለዕ ዛሬ በሶማሌላንድ ጠረፍ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ይሁንና በ749 ሒጅራ ያረፈው አል-ዑመሪ እንደጻፈው፣ በዚያ ዘመን በግብጽና በሻም ሰዎች አነጋገር «የዘይለዕ አገር» ሲባል ወደቧ ብቻ ሳትሆን ከጀርባዋ የተዘረጉት የሐበሻ ሙስሊም መንግሥታት በሙሉ ማለት ነበር። ስለዚህ «አዝ-ዘይለዒይ» የሚለውን ቅጽል ይዞ የግለሰቡን ትውልድ መንደር ለመወሰን የሚቸኩል የታሪክ ጸሐፊ፣ ገሪብን በሌላ ሰው መዝገበ ቃላት ከሚፈታው ደረሳ እምብዛም አይለይም። ቦታም፣ ነገድም፣ ዒልምም በተጠራበት ዘመን አፍ መፈታት አለበት።

ዑለማዎቻችን ኢስጢላሕ የሚሉት፣ የአንድ ዒልም ባለቤቶች አንድን ቃል ከቋንቋ ፍቺው አንሥተው ለሙያቸው በወሰኑት ፍቺ ለመጠቀም የሚያደርጉትን ስምምነት ነው። ችግሩ የሚነሣው ስምምነቱ ከተደረገበት ዘመን በፊት የተነገረው ንግግርም፣ ከስምምነቱ ውጭ የቆየው ሰው ንግግርም፣ ቃሉን ይዞ መገኘቱ ላይ ነው። የጁሙዓ ትጥበትን የሚመለከተው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ «ዋጂብ» የሚለውን ቃል ይዟል። ሆኖም አራቱ የመዝሀብ መንገዶች በሚታወቀው አቋማቸው ትጥበቱ ጠንካራ ሱና ነው ይላሉ፤ ግዴታ ነው ያሉት ዟሂሪዮችና ከእነርሱ ጋር የተስማሙ ናቸው። ብዙኃኑ ሌሎች ሐዲሶችንም በማስረጃነት ያቀርባሉ፤ ነገር ግን የክርክሩ አንዱ ምሰሶ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ዋጂብ» የኡሱሉል-ፊቅህ ሊቃውንት ከዘመናት በኋላ ወሰን ያበጁለት «ዋጂብ» መሆን የለበትም የሚለው ነው።

«መክሩህ»ም እንዲሁ ነው። ዛሬ መድረሳ ውስጥ መክሩህ ማለት መተዉ የሚያስመነዳ፣ መሥራቱ የማያስቀጣ ነገር ነው ብለን እናስተምራለን፤ ትክክልም ነው፣ በኋለኞቹ ስምምነት። ኢማሙ ማሊክና ኢማሙ አሕመድ ግን «እጠላዋለሁ» ሲሉ ሐራም የሆነውን ነገር ማለታቸው ብዙ ነው፤ በጥንቃቄያቸው «ሐራም» የሚለውን ቃል ለመናገር ይሸሹ ነበርና። በ751 ሒጅራ ያረፈው ኢብኑል-ቀዪም «ኢዕላሙል-ሙወቂዒን» ውስጥ ይህን አስረዝሞ አብራርቶ፣ ከኋለኞቹ ብዙዎች ኢማሞቻቸውን በዚህ ቃል ምክንያት በስሕተት እንደተረዱ ተናግሯል። የጥላቻው ቃል እየቀለለ ሄዶ የተከለከለው ነገር «ቢተው ይሻላል» ወደሚባል ወረደ። ከዚህ በላይ ለአንድ ቃል ጉዳት ምን ምሳሌ ይቀርባል?

በሐዲስ ራዊዎች ምዘና ውስጥ ጉዳዩ ከዚህም ይረቃል። በ233 ሒጅራ ያረፈው የሕያ ኢብን መዒን ስለ አንድ ራዊ «ላ ባእሰ ቢሂ» ሲል፣ ቃሉ በሌሎች ዘንድ ከ«ሲቃ» ዝቅ ያለ ደረጃ ነው፤ እርሱ ግን ስለ ቃሉ ተጠይቆ ሲቃ ማለቴ ነው ብሏል። ኢማሙ አል-ቡኻሪ በተቃራኒው ለስላሳ ቃል መርጠው ከባድ ፍርድ ይሰጣሉ፤ «ፊሂ ነዘር» ሲሉ በሌላ ሰው አፍ «ጥቂት ጥያቄ አለበት» የሚመስለው ቃል በእርሳቸው ዘንድ ብዙውን ጊዜ ራዊውን የሚጥል ነው፤ አዝ-ዘሀቢይ ይህን አስገንዝቧል። የቡኻሪን «አት-ታሪኹል-ከቢር» የሚያነብ መምህር የቃሉን ልስላሴ ከራሱ ዘመን ጨዋነት ጋር ከለካው ይሳሳታል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የኒያ ሐዲስ ራዊ የሆነውን ሙሐመድ ኢብን ኢብራሂም አት-ተይሚን እንመልከት። ኢማሙ አሕመድ ስለዚህ ሰው ሲናገሩ «መናኪር» ያስተላልፋል ብለዋል። ሙንከር በኋለኞቹ ስምምነት ደካማ ራዊ ከታማኞቹ ተቃርኖ ያመጣው ሐዲስ ነው። እንዲህ ከሆነ የሶሒሕ አል-ቡኻሪ የመጀመሪያ ሐዲስ ሊወድቅ ነው! ኢብን ሐጀር «ሀድዩስ-ሳሪ» ውስጥ መልሱን ሲሰጥ፣ ኢማሙ አሕመድና ሌሎች ሙንከር የሚለውን ቃል አጋዥ ዘገባ ለሌለው ነጠላ ሐዲስም ይጠቀሙበት እንደነበር ያስረዳል። አት-ተይሚም በሌሎች ዑለማዎች ዘንድ ታማኝ ነው፣ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘገባውን ተቀብለውታል። በዘመናችን በሶሒሖቹ ላይ ጥርጣሬ ለመዝራት የሚነሡ ሰዎች እንደነዚህ ያሉትን የጥንት ንግግሮች ከየመጽሐፉ ለቅመው ያቀርባሉ፤ ምላሽ የሚጠበቅበት ኢማም የቃሉን ታሪክ ካላወቀ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ይቆጣል፤ ሁለቱም መልስ አይደሉም።

ቀደምቶቹ ለምን ፍቺውን አልጻፉም? አስፈላጊ ስላልነበረ ይመስለናል። ቃሉ የሚነገረው በሐለቃ ውስጥ ነበር፤ ደረሳው የሸይኹን ድምፅና ልማድ ያውቃል፤ ያልገባው ይጠይቃል። ቃሉ ከሐለቃው ወጥቶ በወረቀት ላይ ብቻውን መጓዝ ሲጀምር ነው ፍቺ አብሮት እንዲሄድ ያስፈለገው። በ279 ሒጅራ ያረፈው አት-ቲርሚዚ ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስላል፤ በጃሚዑ መጨረሻ ባስቀመጠው «አል-ዒለል» በመጽሐፉ «ሐሰን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሦስት ቅድመ ሁኔታዎችን ቆጥሮ ነግሮናል፦ በሰነዱ በውሸት የተጠረጠረ እንዳይኖር፣ ሐዲሱ ሻዝ እንዳይሆን፣ ተመሳሳዩም ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ የመጣ እንዲሆን። «ሐሰን ሶሒሕ» ስለሚለው ጥምር ቃሉ ግን እንዲህ ያለ ማብራሪያ አልተወልንም። ፍቺ የተሰጠው ቃል መግባቢያ ሆነ፤ ያልተሰጠው ጥምር ግን ከኢብኑስ-ሶላሕ እስከ ኢብን ደቂቅ አል-ዒድ፣ ከእርሱም እስከ ኢብን ሐጀር ዑለማዎችን ሲያወያይ ኖረ። አንዱ ሐዲሱ ሁለት ሰነድ ስላለው ነው ይላል፣ ሌላው የሙጅተሂዱ ማመንታት ነው ይላል። የአንድ መስመር ማብራሪያ የዘመናት ውይይት ትቆጥብ ነበር፤ ምንም እንኳ ውይይቱ ራሱ ዒልምን ያበለጸገ ቢሆን።

በ643 ሒጅራ ያረፈው ኢብኑስ-ሶላሕ በደማስቆ በዳሩል-ሐዲስ አል-አሽረፊያ ለደረሶቹ እያስጻፈ ያዘጋጀው ኪታብ የሐዲስን ዒልም በ65 ዓይነቶች ከፍሎ ለቃላቱ ወሰን አበጀ። ከእርሱ በፊት አር-ራመሁርሙዚ፣ አል-ሓኪምና አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ ጽፈው ነበር፤ በኋላ የመጡት ግን፣ አል-ዒራቂ በግጥም፣ ኢብን ሐጀር በአጭር መትን፣ የተነሡት ከኢብኑስ-ሶላሕ ነው። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው። አብሮት የመጣ አንድ ፈተና ግን አለ፤ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የተሰጠውን ወሰን ይዞ የሦስተኛውን ክፍለ ዘመን ንግግር መክፈት።

ለሻፊዒይ ቂርኣት ቤቶቻችን የቀረበው ምሳሌ ደግሞ የአን-ነወዊይ «ሚንሃጅ» ነው። ኢማሙ (676 ሒጅራ) በመግቢያቸው የቃላቶቻቸውን ቁልፍ ለአንባቢ አስረክበዋል። «አል-አዝሀር» እና «አል-መሽሁር» ሲሉ በኢማሙ አሽ-ሻፊዒይ በራሳቸው ቃሎች መካከል የተደረገ ምርጫ ነው፤ «አል-አሰሕ» እና «አስ-ሶሒሕ» ሲሉ ደግሞ በተከታዮቻቸው አመለካከቶች መካከል ነው። በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥም ልዩነት አለ፤ «አል-አሰሕ» ሲሉ ተቃራኒው አመለካከትም ጥንካሬ አለው፣ «አስ-ሶሒሕ» ሲሉ ግን ተቃራኒው ደካማ ነው። ስለዚህ በሚንሃጅ ውስጥ «አሰሕ» ከ«ሶሒሕ» ይልቅ ለተቃራኒው ሰው ክብር የሚተው ቃል ነው። ይህን ያላወቀ ተርጓሚ «አሰሕ»ን «እጅግ ትክክለኛው» ብሎ ሲጽፍ፣ አን-ነወዊይ ክርክሩ ጠንካራ ነው ያሉበትን ቦታ የተዘጋ ጉዳይ ያደርገዋል። በሐዲስ ዒልም ያለው «ሶሒሕ» ደግሞ ከዚህ ጋር ዝምድናው የስም ብቻ ነው። ሸይኾቻችን ይህን መግቢያ ሳያስቀሩ ወደ ጦሃራ ምዕራፍ አለማለፋቸው ከልማድ በላይ ምክንያት አለው።

ቃል በስምምነት ብቻ አይለወጥም፤ በዝንባሌም ይለወጣል። ኢማሙ አል-ገዛሊ «ኢሕያእ» ውስጥ በዒልም ምዕራፋቸው አምስት ቃላት፣ ማለትም ፊቅህ፣ ዒልም፣ ተውሒድ፣ ተዝኪርና ሒክማ፣ ከሰለፎች ፍቺያቸው ወርደው ለሌላ ነገር መጠሪያ ሆነዋል ብለው አዝነዋል። በእኛ አስተያየት በዚያ ምዕራፍ ከባዱ ነገር የቃሉ መለወጥ አይደለም፤ አዲሱን ነገር የያዘ ሰው የአሮጌውን ቃል ክብር መውሰዱ ነው። «በኢስጢላሕ ላይ ጭቅጭቅ የለም» የሚለው የዑለማዎች መርሕም ገደቡ እዚህ ላይ ነው፤ ስያሜ የማንም ነው፣ ነገር ግን ስያሜው ሑክምን አዛብቶ የሚወስድ ከሆነ ጭቅጭቁ ስለ ስም መሆኑ ይቀርና ስለ ሑክም ይሆናል።

ወደ አማርኛችን ስንመጣ ፈተናው እጥፍ ነው። በሀገራችን ሻፊዒዮችና ሐነፊዮች ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም በአንድ መስጂድ ይሰግዳሉ። ለሻፊዒዮች ፈርድና ዋጂብ ከሐጅ ምዕራፍ በቀር አንድ ናቸው። ለሐነፊዮች ግን ፈርድ በቁርጥ ማስረጃ የጸና ነው፣ ዋጂብ ከዚያ በታች በሆነ ማስረጃ። ሁለቱንም «ግዴታ» ብሎ የሚጽፍ የአማርኛ ፊቅህ መጽሐፍ ለሻፊዒዩ አይጎዳም። አንድ ሐነፊይ ግን ፋቲሓን ረስቶ በምትኳ ሌላ አንቀጽ ቀርቶ ቢሰግድና ወደዚያ መጽሐፍ ቢሄድ፣ ፋቲሓ ግዴታ መሆኗን ያገኛል፤ ሶላቱ የፈረሰች ይመስለዋል። በመዝሀቡ ግን ፋቲሓ ዋጂብ ናት፤ በመርሳት የቀረች እንደሆነ ሱጁደስ-ሰህው ይክሳታል። አንዲት የአማርኛ ቃል አንድን ሰው ትክክለኛ ሶላቱን እንዲደግም አደረገችው።

ከዚህ ተነሥተን የዐረብኛውን ቃል ሁሉ እንዳለ እንጫን አንልም። በየጽሑፉ «ሙአሊፉ በሙቀዲማው» እያሉ መጻፍ በሽታ ሆኗል። «ደራሲው በመግቢያው» ብንል የሚጎድል ዒልም የለም፤ የሚጎድለው የጸሐፊው ሞገስ ብቻ ነው። እኛ የምንመዝንበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ቃሉ በአማርኛ ቢተካ ሑክሙ ወይም ፍርዱ ይለወጣልን? ከተለወጠ ቃሉ እንዳለ ይቆይ፤ መጀመሪያ በተነሣበት ቦታም በማን አፍ፣ በየትኛው መዝሀብና ኪታብ እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገር። ካልተለወጠ አማርኛው በቂ ነው። «ዶዒፍ»ን ሰነዱ ደካማ ነው ብሎ መተርጐም ይቻላል፤ «ሐሰን»ን መልካም ብሎ መተርጐም ግን አይቻልም፤ አንባቢው የመልእክቱን መልካምነት ይረዳልና።

የአማርኛው ቃል ከዐረብኛው ጋር ሲገጥም ደግሞ ደስ ያሰኛል። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም አዘጋጆች ሶላትንና ዘካን በስማቸው ሲተዉ፣ «ገይብ»ን ግን «ሩቅ» በሚለው ቃል ተርጉመውታል። አንዳንድ ወንድሞች ሩቅ የቦታ ርቀት ነው እንጂ ስውርነት አይደለም ሲሉ ይሰማል። እነዚህ ወንድሞች የአማርኛን ሰዋስው ቢያስታውሱ ኖሮ አይቸኩሉም ነበር። በሰዋስዋችን «እርሱ» እና «እርሷ» ሩቅ ወንድና ሩቅ ሴት ይባላሉ፤ ዐረቦቹ በነሕው ይህንኑ መደብ «ጋኢብ» ይሉታል፤ ከገይብ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሩቅ ማለት እዚያ ላይ ማይል የሚለካበት አይደለም፤ በንግግሩ ስፍራ ያልተገኘ ማለት ነው። ተርጓሚዎቹ ይህን አስበው ይሁን አይሁን፣ ቃሉ የተገኘው ከአማርኛው ሆድ ነው።

እንዲህ ያለ ሀብት በየቂርኣት ቤቱ ብዙ አለ። ሸይኾቻችን መትኑን በዐረብኛ እያነበቡ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛ፣ በሐረሪ ሲፈቱ ኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ ባብ የተለመደ አፈታት አላቸው። ይህን ከአፋቸው ወደ መዝገብ ለማስገባት የሚነሣ መምህር የቃሉንና የፍቺውን ዝርዝር ብቻ ይዞ እንዳይመለስ አደራ እንላለን። የትኛው ኪታብ ሲቀራ፣ በየትኛው ባብ፣ በየትኛው መዝሀብ እንደተፈታ አብሮ ይጻፍ፤ ሸይኹም ቃሉን በሌላ ኪታብ በሌላ መንገድ ይፈቱት እንደሆነ ይጠየቁ።